ምሥጢርና ጊዜው፤ የእቴጌ ጣይቱ ብጡል የሕይወት ታሪክ

በሩቅ ምሥራቅ በቻይና አገር አንድ ሰው ምሥጢር ጠባቂ መሆኑን ለመመስከር ሲፈለግ፥ አፉን እንደ ጠርሙስ የሚጠብቅ ይባላል። አባባሉ በቻይና ጽሕፈት አራት ፊደላትን ብቻ የሚወስድ ሲሆን፥ የቃል በቃል ፍቺው መጠበቅ፥ አፍ፥ እንደ፥ ጠርሙስ የሚል ነው። ቻይናውያን ይህን አባባል ሲያነሡ ፉ ቢ የተባለውን የጥንት ሹማቸውን ያስታውሳሉ። ፉ ቢ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1004 እስከ 1083 ዓ.ም. የኖረ፥ በሱንግ ነገሥታት ዘመን ከታላላቆቹ ባለሥልጣኖች አንዱ የነበረ ሰው ነው። ሰማንያ ዓመት በሞላው ጊዜ አፍን እንደ ጠርሙስ፥ አሳብንም እንደ ከተማ ቅጥር መጠበቅ እንደሚገባ የሚያሳስብ ጽሑፍ ከመቀመጫው አጠገብ ጽፎ እንዳኖረ ይተረካል።

ነገር ግን ፉ ቢ ዝምተኛ ሰው አልነበረም። በ1042 ዓ.ም. በሰሜን በኩል የነበሩት ኪታኖች አገሩን በጦር ባስፈራሩ ጊዜ፥ ወደ ንጉሣቸው ተልኮ ፊት ለፊት ተከራክሮ ጦርነቱን ያስቀረ መልእክተኛ ነው። በዚያ መልእክት ላይ ሳለ ከቤቱ የሚላክለትን ደብዳቤ ልቡን እንዳይከፍለው በማለት ሳይከፍት ያቃጥለው ነበር ይባላል። እንግዲህ አፍን እንደ ጠርሙስ የመጠበቅ ትርጉሙ ፈጽሞ አለመናገር አይደለም። ጠርሙስ ክዳን የሚደረግለት በጊዜው ሊከፈት ነውና።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ዕቃ ከእኛም አገር ቤት አይጠፋም። የጠላ ጋን አፉ በጭቃ ካልተመረገ መጠጡ አይበስልም። ቀኑ ሳይደርስ የከፈተው ሰው ያልጠራ ጉሽ ይጠጣል፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የከፈተው ደግሞ የኮመጠጠ ያገኛል። ብልኅ ባለሙያ የምትባለው መምረጉን ብቻ ሳይሆን የሚከፈትበትን ቀን የምታውቀዋ ናት። አባቶቻችን ሆድ ከአገር ይሰፋል ሲሉ ሰው በውስጡ ሊይዝ የሚችለውን ብዛት ማመልከታቸው ነው፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ሲሉም ያመለጠ ቃል እንደማይመለስ ማስጠንቀቃቸው ነው። ይህን ሁለተኛውን ምሳሌ ከማንም ይልቅ ሊረዳው የሚችል የስሜን ሰው ይመስለናል። ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ፥ ከዚያ ወዲያ ምድሩ በሊማሊሞ ገደል ቁልቁል ሲወርድ ያያል። ከዚያ አፋፍ የተለቀቀ ድንጋይ ወደ ላይ ሲመለስ ያየ የለም።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ከዚሁ ከስሜን ቤት የተወለዱትን የእቴጌ ጣይቱ ብጡልን የሕይወት ታሪክ ነው። ስለ እቴጌይቱ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን በአንድ ወገን ብቻ ነው። ይኸውም መቼ እንደ ተናገሩ፥ መቼ ዝም እንዳሉ፥ ዝምታቸውም መቼ እንደ ጠቀማቸውና መቼ እንደ ጎዳቸው ነው።

የስሜን ቤት

የጣይቱ አባት ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ይባላሉ። እኒህም የስሜኑ ገዥ የኃይለ ማርያም ገብሬ ልጅ፥ የታወቁት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምም በአባት ወንድም ናቸው። ደጃዝማች ውቤ በዘመነ መሳፍንት ፍጻሜ ላይ ከስሜን አልፈው ትግራይን ጭምር የገዙ ኃይለኛ መስፍን ነበሩ።

ውቤ የንጉሠ ነገሥትነትን ዘውድ ይመኙ ነበር። ምኞታቸውንም የሚሸሽጉ ሰው አልነበሩም። በ1834 ዓ.ም. ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ከግብፅ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በእርሳቸው ወጪና በእርሳቸው ጥረት ነው። ከዚያም በስሜን ተራራዎች መካከል የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሳንጸው ለንግሥናቸው በዓል አሰናዷት። ግንቡ ሲቆም፥ ደወሉም ሲሰቀል አገር ሁሉ አይቷል፤ ለምን እንደ ሆነም ሁሉ ዐውቋል።

በአንጻሩ የቋራው ካሳ ኃይሉ በፈጣን ግሥጋሤያቸውና ጠላታቸው ሳያስበው ድንገት በመድረሳቸው የታወቁ ነበሩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ላይ በተደረገው ጦርነት ውቤ ድል ሆነው ተማረኩ። ካሳም ለውቤ ንግሥና በተሠራችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፥ በውቤ ወጪ በመጡት ጳጳስ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ለአንዱ የተሰናዳው ድግስ ለሌላው ሠርግ ሆነ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጣይቱ ገና ልጅ ነበሩ። በአንድ ቀን ከገዥነት ወደ ተሸናፊነት የወረደ ቤት ልጆቹን ቃላቸውን እንዲመጥኑ ያስተምራል። በአዲስ መንግሥት ውስጥ የድሮ መንግሥት ዘመድ ሆኖ የሚያድግ ሰው ምን እንደሚናገር ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚሰማውም መጠንቀቅ አለበትና።

ጣይቱ በክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ይባላሉ። በዘመኑ ለሴት ልጅ ብዙም ያልተለመደ ትምህርት ማግኘታቸው ይነገራል። ማንበብና መጻፍ ዐወቁ፤ ግዕዝ ተማሩ፤ በገና ይደረድሩ፥ ሰንጠረዥም ይጫወቱ ነበር። ከቅኔ ጋር ያደገ ሰው ቃል ሁለት ቤት እንዳለው ያውቃል፤ ሰሙ በደጅ ይታያል፥ ወርቁ በጓዳ ይቀመጣል። በሰንጠረዥም ቢሆን የልቡን አሳብ በፊቱ የሚያስነብብ ተጫዋች አያሸንፍም።

ጋብቻና መንግሥት

ጣይቱ ከምኒልክ ጋር ከመጋባታቸው በፊት ትዳር ይዘው ነበር፤ ነገር ግን አልጸናላቸውም። ወንድማቸው ወሌ ብጡል በመቅደላ አምባ ታስረው በነበሩበት ጊዜ፥ በዚያው አምባ በግዞት ያደጉትን የሸዋውን ልዑል ምኒልክን ያውቋቸው ነበር።

ምኒልክም ቢሆኑ የምሥጢርን ዋጋ በወጣትነታቸው የተማሩ ሰው ናቸው። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ያመለጡት ለጠባቂዎች ግብዣ አድርገው፥ ጠባቂዎቹ በልተው ጠጥተው በተኙበት ሌሊት ነው። ያ ምክር አስቀድሞ ለአንድ ወሬኛ ቢነገር ኖሮ የኢትዮጵያ ታሪክ በሌላ መንገድ ይሄድ እንደ ነበር አያጠራጥርም።

ምኒልክና ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን በአንኮበር መድኃኔ ዓለም በቍርባን ተጋቡ። ከሦስት ዓመት በላይ ጥቂት ቆይቶ፥ በ1879 ዓ.ም. ጣይቱ በፍል ውሃ አጠገብ ያለውን መስክ ወደው ቤት አሠሩበት፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ምኒልክ በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ሲጭኑ፥ ጣይቱም በዚያው ሰሞን እቴጌ ተብለው ብርሃን ዘኢትዮጵያ በሚል ስም ተሰየሙ። የስሜን ቤት በደረስጌ ያጣውን ዘውድ በሠላሳ አምስት ዓመቱ በሴት ልጁ ራስ ላይ አየው።

ዝም የማይባልበት ጊዜ

ስለ ምሥጢር የሚጽፍ ሰው ዝምታን ብቻ ያመሰገነ እንደ ሆነ ግማሹን ነገር ተወ ማለት ነው። እቴጌ ጣይቱ በዝምታቸው ከመታወቃቸው በፊት የታወቁት በንግግራቸው ነው።

በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ መንግሥት ጋር በውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ይናገር ነበር። አማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት ቢፈልጉ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደሚችሉ ሲያመለክት፥ ኢጣልያንኛው ግን በግዴታ አስሮ ኢትዮጵያን በኢጣልያ ጥበቃ ሥር ያገባት ነበር። እንግዲህ ይህም አንድ ዐይነት ምሥጢር ነው፤ በአንድ ወረቀት ላይ ከአንዱ ተዋዋይ ተሸሽጎ የተቀመጠ ምሥጢር።

ነገሩ ከተገለጠ በኋላ የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ በ1883 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ሲከራከር፥ እቴጌይቱ በጉባኤው ተገኝተው ያንን አንቀጽ በግልጽ ተቃወሙ። መኳንንቱ ቃላቸውን በሚመጥኑበት ስፍራ እርሳቸው አልመጠኑም። አንቶኔሊ የፈለገውን ሳያገኝ ተመለሰ። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን ማፍረሳቸውን ለኤውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ።

እዚህ ላይ ልብ የምንለው ነገር አለ። የአገር ክብር በአደባባይ ሲነካ ያለጊዜው ዝም ያለ ሰው ምሥጢር ጠባቂ አይባልም፤ ፈሪ ይባላል። እቴጌ ጣይቱ ይህን ልዩነት ያውቁ ነበር።

የመቀሌ ውሃ

ጦርነቱ የማይቀር ሆኖ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ በታወጀ ጊዜ፥ እቴጌይቱ የራሳቸውን ጦር አስከትለው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ዘመቱ። በኅዳር ወር ፍጻሜ በአምባላጌ የመጀመሪያው ድል ከተገኘ በኋላ፥ ጦሩ ወደ መቀሌ ገሥግሦ በእንዳ ኢየሱስ የተሠራውን የኢጣልያ ምሽግ ከበበ። በምሽጉ ውስጥ ማዦር ጋሊያኖ የሚባል መኰንን ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ወታደሮችን ይዞ ተቀምጦ ነበር። የኢትዮጵያ ወታደር ምሽጉን በጀግንነት ደጋግሞ ቢያጠቃም፥ ከግንቡ በስተኋላ ሆኖ በሚተኩሰው ጠላት ብዙ ሰው እያለቀበት ተመለሰ።

በዚህ ጊዜ እቴጌ ጣይቱ ምሽጉን በጥይት ሳይሆን በጥም ማስለቀቅ እንደሚቻል ለንጉሠ ነገሥቱ አሳሰቡ። የምሽጉ ሰዎች የሚቀዱት ከግንቡ ውጭ ካለ ምንጭ ነበር። የእቴጌይቱ ወታደሮች ያንን ምንጭ ይዘው ሌትና ቀን በመጠበቅ ለጠላት ከለከሉት።

አንባቢያችን ጥቂት እንዲያስብበት እንለምናለን። ይህ ምክር አንድ ቀን ቀድሞ ወደ ምሽጉ ቢሰማ ኖሮ ጋሊያኖ በዕቃው ሁሉ ውሃ ሞልቶ፥ ምንጩንም በመድፍ ጠብቆ በቆየ ነበር። በዚያን ጊዜ ከሁለቱም ወገን ሰላዮች ይመላለሱ ነበር፤ በጦር ሰፈር ውስጥም ወሬ ከበቅሎ ይፈጥናል። ምንጩ በተያዘ ጊዜ ግን ምሽጉ ለረጅም ጥም የተሰናዳ ሆኖ አልተገኘም። ቀናት አልፈው ውሃው ሲያልቅ፥ በጥር 1888 ዓ.ም. ጋሊያኖ ምሽጉን ለቆ ወጣ፤ ምኒልክም ከነሰዎቹ በሰላም እንዲሄድ ፈቀዱለት።

ያ ምሥጢር ጊዜውን ጠብቆ ተከፈተ። የተጠበቀው ለጥቂት ቀን፥ ለአንድ ጉዳይ፥ ለአገር ጥቅም ነበር፤ ሥራው ሲፈጸም ምሥጢርነቱ ቀረ። ከዚያ በኋላ አገር በሙሉ ሰማው፤ ዛሬም ድረስ በኩራት ይተረካል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጄኔራል ባራቲየሪ ወደ 17ሺ 700 የሚጠጋ ጦሩን በሌሊት ወደ ዐድዋ ሲያንቀሳቅስ፥ በደረሰው የስለላ ወሬ ተታሎ ነበር። ባሻይ አውዓሎም የተባለው የትግራይ ሰው ለኢጣልያኖች ሰላይ መስሎ፥ የኢትዮጵያ ጦር ለስንቅና ለጸሎት ተበታትኗል የሚል ወሬ እንዳደረሳቸው ይተረካል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ ተበታትኗል የተባለው ጦር በየተራራው ተሰልፎ ጠበቃቸው። እቴጌይቱም በዚያን ዕለት በጦር ሜዳ ተገኝተው ወታደሩን ሲያደፋፍሩ፥ ሴቶቹንም አሰልፈው ለተጠማና ለቆሰለ ውሃ ሲያቀርቡ ዋሉ። በመቀሌ ውሃ የከለከሉት እጆች በዐድዋ ውሃ አደሉ።

የንጉሠ ነገሥቱ ሕመም

ከዐድዋ በኋላ ያሉት ዓመታት የሰላምና የልማት ዓመታት ነበሩ። ከተማይቱ አደገች፤ እቴጌይቱም በ1898 ዓ.ም. እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል አቋቋሙ። ነገር ግን በዚሁ ዘመን ከመቀሌው ይልቅ የከበደ ሌላ ምሥጢር ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። የንጉሠ ነገሥቱ ጤና መታወክ ጀመረ።

የንጉሥ ሕመም የቤተ ሰብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ ኢትዮጵያ በሎንዶን የሦስትዮሽ ውል ተፈራርመው ነበር። ውሉ የኢትዮጵያ መንግሥት ሁኔታ የታወከ እንደ ሆነ እያንዳንዳቸው ጥቅማቸውን በየት በኩል እንደሚያስከብሩ የሚያመለክት ነበር። ሦስቱም መንግሥታት በአዲስ አበባ መልእክተኞች ነበሯቸው፤ መልእክተኞቹም የንጉሠ ነገሥቱን እያንዳንዱን ትንፋሽ የሚቆጥሩ ያህል ይከታተሉ ነበር። በአገር ውስጥም ቢሆን የምኒልክ ወንድ ልጅ ስላልነበረ፥ ከጣይቱም ልጅ ስላልተወለደ፥ አልጋውን የሚመኝ አልጠፋም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሕመሙን ጽናት በአደባባይ መናገር ደጁን ከፍቶ ሌባ እንደ መጥራት ሊቈጠር ይችል ነበር።

ስለዚህ እቴጌ ጣይቱ ጋኑን መረጉት። ወደ ሕመምተኛው የሚገባና የሚወጣ በእርሳቸው ፈቃድ ሆነ። በንጉሠ ነገሥቱ ስም የሚወጣው ትእዛዝም ከንጉሠ ነገሥቱ ይሁን ከእቴጌይቱ ለመለየት እያስቸገረ ሄደ። በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ታወቀ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዳግመኛ በጽኑ ተመቱ፤ ሰውነታቸው ሰለለ፥ አንደበታቸውም ተያዘ። ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው የአልጋ ወራሹ ሞግዚት ሆኑ።

ከዚህ በኋላ ነው ምሥጢሩ መልኩን የለወጠው። በመቀሌ የተጠበቀው ምሥጢር የሚከፈትበት ቀን ነበረው፤ የሕመሙ ምሥጢር ግን ቀን አልተቈረጠለትም። ዛሬ ለአገር ደኅንነት ሲባል የተዘጋው በር ነገ ለምን እንደ ተዘጋ የሚጠይቅ በዛ። እቴጌይቱ ሹም ሲሽሩና ሲሾሙ፥ ዘመዶቻቸውንም ከፍ ሲያደርጉ መኳንንቱ ያዩ ነበር። የወንድማቸው የራስ ወሌ ልጅ ራስ ጉግሣ የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱን አግብተው ስለ ነበረ፥ የእቴጌይቱ አሳብ ዘውዱን ወደ እነርሱ ለማዞር ነው የሚል ጥርጣሬ ተስፋፋ። በዝግ በር በስተኋላ ያለው ነገር ሁልጊዜ ካለው በላይ ሆኖ ይገመታል። ምሥጢር ጠባቂው ያልተናገረውን ሐሜተኛው ይናገርለታል።

በመጋቢት 1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንትና የመሀል ሠፋሪ ወታደሮች ተባብረው፥ እቴጌ ጣይቱ ከመንግሥት ሥራ ተለይተው የታመሙትን ባለቤታቸውን ማስታመም ብቻ እንዲተርፋቸው አደረጉ። በዐድዋ ሜዳ ያልተበገሩት እቴጌ በገዛ ግቢያቸው ውስጥ ተሸነፉ።

እኛ ዛሬ ሆነን ስንፈርድ ሁለቱንም ወገን ማየት ይገባናል። የሕመሙን ምሥጢር መጠበቃቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የሦስቱ መንግሥታት ውል ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ስሕተቱ ያለው ምሥጢሩን ከጠላት ሲጠብቁት ከወዳጅም መጠበቃቸው፥ የአገሩን ምሥጢርና የሥልጣናቸውን ጉዳይ አንድ ላይ አስረው መያዛቸው ይመስለናል። አገር የሚያድን ምሥጢር ተካፋይ ይፈልጋል፤ ብቻውን የያዘው ሰው ለራሱ እንደ ያዘው ይቈጠርበታል።

ምሥጢሩን የወረሱት ሰዎች

የታሪክ ፍርድ አስገራሚ ነው። እቴጌይቱን በዝግ በር ሥራ የወቀሱት ሰዎች ራሳቸው ከዚያ የበለጠ ምሥጢር ሊጠብቁ ግድ ሆነባቸው። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ አልታወጀም። ዐዋጅ ነጋሪ አልጮኸም፤ ነጋሪት አልተጎሰመም፤ ለዚያ ዐይነት ንጉሥ የሚገባው ልቅሶ አልተለቀሰም። ሬሳቸው በግቢው ውስጥ በቤተ ጸሎት በስውር ተቀመጠ።

የዐድዋ ድል ባለቤት በሕይወት እንዳለ ሰው ዝም ተባለላቸው። በቤተ መንግሥቱ ያሉት ያውቃሉ፤ መልእክተኞቹም ያውቃሉ፤ በገበያም ይንሾካሾካል፤ የሚናገር ግን የለም። ሁሉ የሚያውቀው፥ ማንም የማይናገረው ምሥጢር ሆነ። ይህ ነገር ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን እስከ ወረዱበትና ዘውዲቱ እስከ ነገሡበት እስከ መስከረም 1909 ዓ.ም. ድረስ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል ቆየ። ልቅሶው በይፋ የተለቀሰው ከዚያ በኋላ ነው። አስቀድሞ መንግሥትን ለማጽናት የተጀመረው ዝምታ ሕዝቡን ንጉሡን አልቅሶ እንዳይቀብር የሚከለክል ሸክም ሆኖ ቀረ። ጋኑ ከቀኑ አልፎ ሲቆይ እንደሚኮመጥጥ ሁሉ፥ ምሥጢሩም ኮመጠጠ።

በዚህ ሁሉ መካከል እቴጌ ጣይቱ የት ነበሩ? ባለቤታቸው እንዳረፉ ከቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ እንጦጦ ማርያም እንዲሄዱ ተደረገ። ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን ጎረቤታቸው ሆነች። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆነው፥ ራሳቸው ስም ያወጡላት ከተማ በበታቻቸው ስትሰፋ ያዩ ነበር። ለሠላሳ ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ባል በአደባባይ አልቅሰው ሊቀብሩ አልታደሉም። አንዲት እቴጌ ለዚያን ያህል ጊዜ የገዛ ሐዘኗን እንደ መንግሥት ምሥጢር ስትሸከም መኖሯን ስናስብ፥ የእርሳቸውን ጥፋት ይቆጥር የነበረ ሰው እንኳ ልቡ ሳይነካ አይቀርም።

ዘውዲቱ ከነገሡ በኋላ፥ በኅዳር 1910 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ቀሪ ዕድሜያቸውን በጎንደር አገር እንዲፈጽሙ ይፈቀድላቸው ዘንድ ለመኑ። ወደ አባቶቻቸው አገር፥ ዳባትና ደባርቅ ወደሚያልፈው መንገድ፥ ደረስጌ ወዳለችበት ወደ ስሜን ተራራ መቅረብ ፈልገው ይሆናል። ልመናቸው ግን ተቀባይነት አላገኘም። ከሦስት ወር በኋላ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ ዐረፉ። ዐፅማቸው ዛሬ በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በአታ ለማርያም ገዳም ከዐፄ ምኒልክ ጋር ይገኛል።

ከታሪኩ የምንማረው

የቻይናው ሹም ፉ ቢና የስሜኗ ልጅ እቴጌ ጣይቱ በዘመንም በአገርም እጅግ የተራራቁ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ነገር ያስረዱናል። አፍን እንደ ጠርሙስ መጠበቅ ማለት ዲዳ መሆን አይደለም። ፉ ቢ በኪታኖች ንጉሥ ፊት፥ ጣይቱም በአንቶኔሊ ፊት መናገር ሲገባ ተናገሩ። ዝም ማለት ሲገባም ዝም ብለዋል።

ምሥጢር የተሰጠው ሰው ራሱን ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል እንላለን። የመጀመሪያው ይህ ምሥጢር የሚጠበቀው ለማን ጥቅም ነው? ሁለተኛው ከማን ነው የሚጠበቀው? ሦስተኛውም የሚከፈተው መቼ ነው? የመቀሌው ምሥጢር ለሦስቱም መልስ ነበረው፤ ለአገር፥ ከጠላት፥ ምንጩ እስኪያዝ ድረስ። የሕመሙ ምሥጢር ለመጀመሪያው ጥያቄ ግማሽ መልስ ነበረው፤ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ግን አልነበረውም። የሞቱ ምሥጢር ለአንዱም አጥጋቢ መልስ አልነበረውም።

ይህ ነገር በቤተ መንግሥት ብቻ የሚሠራ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የሚጠብቅ ጸሓፊ፥ የሕመምተኛውን ነገር የሚያውቅ ሐኪም፥ የባልና የሚስት ሽማግሌ፥ የጎረቤት አደራ ያለበት ሰው ሁሉ በየደረጃው አንድ ጋን ተሰጥቶታል። ያለጊዜው የሚከፍት አለ፤ እርሱን ወሬኛ ብለን በቀላሉ እናውቀዋለን። ጊዜው ካለፈ በኋላም የማይከፍት አለ፤ እርሱን ግን ብዙ ጊዜ ታማኝ እያልን እናመሰግነዋለን። በሽታውን ከዘመዶቹ የደበቀ አባት፥ ዕዳውን ከሚስቱ የሸሸገ ባል፥ ጉድለቱን ከአለቃው የሰወረ ሠራተኛ ሁሉ ዝምታቸው ለሰው የሚጠቅም መስሏቸው ይሆናል። መዘዙ የሚታወቀው ነገሩ በራሱ ጊዜ ፈንድቶ ሲወጣ ነው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚለውን ምሳሌ ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል። ለእርሱ ጓደኛ የሚሆነው ሌላው ምክር ግን እምብዛም አይነገርም፤ በሆድ ውስጥ ብዙ የቆየ ነገርም እንደዚያው ገደል ይሆናል። የእቴጌ ጣይቱ ሕይወት ለሁለቱም ማስረጃ ነው። በመቀሌ ምንጭ አጠገብ አፋቸውን ዘግተው አገር አተረፉ፤ በሕመምተኛው ደጃፍ አፋቸውን ዘግተው ራሳቸውን አጡ። ክዳኑ ያው አንድ ክዳን ነበር፤ የለየው ጊዜው ነው።